የቅሬው ምሕረት

መርሳ መናኸሪያ ውስጥ ትክክለኛ ስሜን የሚያውቅ ረዳት አንድም የለም። ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ ጋ ስቀርብ «ለእብዶቹ ሲስተር የፊት ወንበር ልቀቁላት» ይላሉ። በፊት በፊት እበሳጭ ነበር። እብድ አትበል፣ ታማሚ በል እያልኩ ስንቱን ረዳት በሰው ፊት ገስጬዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ተውኩት። የፊት ወንበር እስከሰጡኝ ድረስ የፈለጉትን ይበሉኝ።

ባለፈው ዓመት ሲሸኙኝ ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ አለቃዬም ረዥም ንግግር አደረገ። ከማመስገኑ ብዛት ስለ እኔ ይሁን ስለ ሌላ ሰው እስኪጠፋኝ ድረስ። ከዚያ አዲስ የተመደበች ነርስ፣ ማስተርሷን ልትጀምር የተዘጋጀች ልጅ፣ ጠጋ ብላ «ሲስተር፣ ከዚያ ሁሉ ሥራና ትምህርት ውስጥ ምን ተረዱ?» አለችኝ። ሰው ኬክ በአፉ ይዞ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። አልነገርኳትም። ይኸው አሁን እየጻፍኩላት ነው። የሰይድን ነገር ካላወቀች የቀረውን ሁሉ ብዘከዝክላት አይገባትም።

ሥራ የጀመርኩት መርሳ ጤና ጣቢያ ነው። ነርስ ነበርኩ፣ ያውም ሁሉን ሠሪ። ጠዋት አዋልዳለሁ፣ ከሰዓት እከትባለሁ፣ የወባ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ከግራና መንደሮች በቃሬዛ የሚመጣውን እቀበላለሁ። ደሞዙን አታንሱብኝ፤ ይበላ ነበር፣ አይተርፍም ነበር። የያኔው አለቃዬ እሺ የማይለውን ሰው አይወድም፣ እኔ ደግሞ እሺ ማለት ከድሮም አይሆንልኝም። በተረኛ አመዳደብ አፍ ለአፍ ከገጠምን በኋላ፣ ለአእምሮ ሕክምና ሥልጠና ሰው ላኩ የሚል ደብዳቤ መጣ። ማንም አልፈለገውም። አለቃዬ የእኔን ስም ጻፈበት። ሊቀጣኝ ነበር ያሰበው። እግዜር ይስጠው፣ ዛሬ ባገኘሁት ቁጥር ሻይ እጋብዘዋለሁ።

ከሥልጠናው ስመለስ ወልድያ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተመደብኩ። እዚያ የጠበቀኝ የክፍሉ ነባር ባለሙያ ጋሽ ጌታቸው ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሹራቡን በሐምሌም በሚያዝያም የማያወልቅ ሰው። ሲያመሰግን ሰምቼው አላውቅም። ደኅና ከሠራሁ ዝም ይላል፣ ካበላሸሁ ያጉረመርማል። ስለዚህ ዝምታውን እንደ ሙገሳ መቁጠር ለመድኩ።

ጋሽ ጌታቸው ከጠረጴዛ ጀርባ አይቀመጥም። ወንበሯን አንስቶ ይዞርና ከታማሚው ጎን፣ ትንሽ ሰያፍ አድርጎ ያስቀምጣታል። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው መርማሪ ፖሊስ ይመስላቸዋል ይላል። ድምፅ ትሰማለህ ወይ፣ ሰው ያሳድድሃል ወይ ብሎም አይጀምርም። እንቅልፍ እንዴት ነው ይላል። ምን በላህ ይላል። ከዚያ፣ ከማን ጋር በላህ ይላል። ይህቺን የመጨረሻዋን እኔ መጀመሪያ ላይ እንደ ጨዋታ ነበር የማያት። እሱ ግን መልሷን ጠብቆ ካርዱ ላይ ያሰፍራታል፣ «ለብቻዬ» ላለው ሰው ቀጠሮውን ያቀርብለታል።

ሌላም ልማድ ነበረው። ታማሚውን አሰናብቶ ሲያበቃ ይነሳና መስኮቱ ጋ ይቆማል። ሰውዬው ግቢውን አቋርጦ በሩ እስኪደርስ በዓይኑ ይከተለዋል። ማን አብሮት ይራመዳል፣ ማን ጥሎት ይቀድማል፣ ክኒኑን የያዘው ማን ነው፣ ያን ነው የሚያየው። ወረፋው ደጁን ሞልቶ እኔ «ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ብዬ ስነዘንዘው በእጁ ቆይ ይለኛል እንጂ መስኮቱን አይለቅም። እኛ ፊት የሚሆነው ሌላ፣ ከበሩ ወዲያ የሚሆነው ሌላ ነው ባይ ነው። እኔ እቴ፣ እግሬን አሞኛል፣ ምሳ ሰዓት አልፏል፣ እሱ መስኮት ያያል።

ሰይድን ያመጡት በገበያ ቀን ነው። ከግራና ወጣ ብላ ካለች መንደር፣ ስሟን ልተወው፣ እናቱና አጎቱ አይሱዙ ላይ ጭነው፣ እጁን በገመድ የኋሊት አስረው አመጡት። ገና ሃያዎቹን የጀመረ መልከ መልካም ልጅ። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ጎበዝ ገበሬ ነበር አሉ። ከዚያ የማይታይ ሰው ያናግረው ጀመር። እንቅልፍ አጣ፣ ሊገድሉኝ ነው ብሎ ድንጋይ ታቅፎ ያድር ጀመር። ዱዓ አስደረጉለት፣ ሼህ ዘንድ ወሰዱት፣ ጠበል ይሻላል ያላቸውንም ክርስቲያን ጎረቤት ሰምተው ሞከሩ። አልሆን ሲል ከቤቱ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰሩት። እናቱ እትዬ ዘሃራ ይህን ሲነግሩን ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም።

ጋሽ ጌታቸው ገመዱ ይፈታ አለ። አጎትየው ከፈታሁት ያመልጣል ብሎ ድርቅ አለ። ጋሽ ጌታቸው ያምልጥ፣ ወልድያን አይቶ ይመለሳል ብሎ ራሱ ፈታው። ከዚያ ወንበሯን ከጎኑ አድርጎ ምን እንደበላ ጠየቀው። ሰይድ ቆሎ አለ። ከማን ጋር ሲለው ግን ፊቱን አዞረ።

መድኃኒቱ ያዘለት። ሁሉን ሰው እንዲህ አይዝለትም፣ ለእሱ ግን ያዘለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በራሱ እግር መጥቶ «ደኅና ነዎት ሲስተር» ሲለኝ አላወቅሁትም። እትዬ ዘሃራ ፓፓያ በዘንቢል ተሸክመው መጥተው ክፍሉን በሙሉ መረቁ። አቤት ደስታችን። እኔማ በየስብሰባው ስለ ሰይድ ሳላወራ አልወጣም ነበር።

ዓመት ዘለል ሲል ቀጠሮውን አሳለፈ። ደወልን፣ ስልኩ አይነሳም። ደግመው ሲያመጡት በቃሬዛ ነበር። ሰንሰለቱ ቁርጭምጭሚቱን በልቶት እግሩ አመርቅዞ ከርሟል፤ ክኒኑን ከተወ ቆይቷል። ሐኪሞቹ ሕይወቱን አተረፉለት፣ የቀኝ እግሩን ጣቶች ግን ማትረፍ አልቻሉም። የሥራ ዘመኔ መራራ ቀን የቱ ነው ብትሉኝ ያ ነው። ሰውየው ድኖ ነበር እኮ። በዓይናችን እያየነው ድኖ ነበር። እትዬ ዘሃራን ለምን ተወው ብዬ ብጠይቃቸው «አልጠጣም አለኝ ልጄ፣ ምን ላድርግ» ከማለት አላለፉም። በሆዳቸው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። አልወጣም።

ጋሽ ጌታቸው ያኔ ጡረታው ደርሶ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። ለስንብት ሻይ ስንጠጣ ስለ ሌላ ምንም አላወራም። «መድኃኒቱማ ሠርቶ ነበር» አለኝ። «ከበሩ ወዲያ ያለውን ነው ያላየነው። እኔ አልፎብኛል፤ አንቺ ሂጂና እዪው።» ሹራቡን እንደለበሰ ወደ አገሩ ገባ።

የማስተርሱ ዕድል ሲመጣ ሃምሳን አልፌያለሁ። ማስታወቂያው የአእምሮ ጤናና ማኅበራዊ አገልግሎት ይላል። ጦርነቱ አልፎ፣ በየቤቱ የሚባንነውና የሚተክዘው ሰው በዝቶ፣ ትምህርቱ በድንገት ተፈላጊ የሆነበት ሰሞን ነበር። ልጄ ስትሰማ «እማዬ፣ ጡረታ ልትወጪ ነው ወይስ ልትመረቂ?» ብላ ሳቀችብኝ። እልህ ያዘኝና በማግስቱ ተመዘገብኩ። ማኅበራዊ የምትለዋን ቃል ሳይ የሰይድ እግር ነበር ፊቴ ላይ የሚመጣው።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ መምህርት መስያቸው ብድግ አሉ። እኔም ተቀመጡ ብያቸው ከኋላ ተቀመጥኩ። ስታቲስቲክስ የሚባለው ትምህርት አበሳዬን አሳየኝ፤ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች ባይረዱኝ እዚያው ቀርቼ ነበር። አማካሪዬ ዶክተር ሕይወት በዕድሜ ልጄን ታህላለች። ጽሑፌን በቀይ አቅልማ ስትመልስልኝ አንጀቴ እርር ይላል፣ ቤቴ ገብቼ ሳነበው ግን ልክ ናት። የመመረቂያ ጥናቴ፣ ድነው የነበሩ ሰዎች ለምን እንደገና ይታመማሉ የሚል ነው። ያዘጋጀሁትን መጠይቅ አገላብጣ አየችና «ሲስተር፣ ይኼ ሁሉ ስለ ክኒን ነው። ክኒኑንማ ያውቁታል፤ የማያውቁትን ይጠይቁ እንጂ» አለችኝ። ተናድጄ በሩን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ። ግን ከውርጌሳ እስከ ግራና ቤት ለቤት ስዞር መጠይቁን ቦርሳዬ ውስጥ ትቼ ከሰዉ ጋር ቁጭ ብዬ መዋል ጀመርኩ።

ሰይድ ቤት የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው። ደኅና ነው፣ ክኒኑን ይጠጣል፣ ያነክሳል። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ገመድ ይገምዳል። ከእትዬ ዘሃራ ጋር ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ ስንጫወት ከጉብታው ላይ የቅሬው ጠሪ ድምፅ ተሰማ። ቅሬ ለወሎ ሰው አይነገርም። ለማያውቅ ግን ልንገር፤ ሰው ሲሞት መንደሩ በአንድ የሚወጣበት የቀባሪዎች ማኅበር ነው። እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ነው። ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቷ ውሃና እንጨት ተሸክማ ለቅሶ ቤት ትደርሳለች፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል።

መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዶማ የያዘው፣ አካፋ የያዘው፣ እንስራ ያዘለችው በደጃፋቸው ያልፋሉ። ወደዚህ ቤት ቀና ብሎ ውጡ ያለ አንድ ሰው የለም። ሰይድ ገመዱን ጣል አድርጎ ጓዳ ገባና ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። እትዬ ዘሃራም ንቅንቅ አላሉም። ክው አልኩ። ቅሬ ተጠርቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

«እትዬ፣ አይሄዱም እንዴ?» አልኳቸው።

«እኛን ቅሬው ምሮናል» አሉኝ።

ነገሩን ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሰይድ የታመመ ጊዜ የቅሬው ዳኛ አያ አሕመድ ሰዉን ሰብስበው፣ የዘሃራ ቤት መከራዋ ይበቃታል፣ ከቀብሩም ከለቅሶውም ምረናታል ብለው ወሰኑ። እትዬ ዘሃራ ያኔ አልቅሰው መርቀዋቸዋል። ልጁ ሲድን ግን ምሕረቱን ያነሣ የለም። በክፋት አይደለም፣ ለማንም ትዝ አላለውም። ሰይድ ዶማውን ይዞ ሊወጣ ሲል፣ አንተ አርፈህ ተቀመጥ፣ አንተን ምረንሃል እያሉ ከመንገድ መለሱት። ሁለት ሦስቴ ሞክሮ ተወው። ያን ጊዜ ክኒኑን የተወው ከዚያ በኋላ ነው።

«እኔ ስሞት ይቀብሩኛል። ወላሂ፣ አይጥሉኝም» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ግን የማንን ሙት አልቅሼ ነው እኔን የሚያለቅሱልኝ? ገበያ ሰላም ሲሉኝ እንኳ አንገቴን ነው የምደፋው።»

ሰይድ ጋቢውን ሳይገልጥ ከጓዳ ተናገረ። «ብጠጣውም ምረውኛል፣ ባልጠጣውም ምረውኛል። ታዲያ ምን ብዬ ልጠጣው?»

እንባዬን እንዳያዩብኝ ውሃ ስጡኝ አልኩ። ልጁ ዛሬ ባይተወው በሚቀጥለው ወር እንደሚተወው ገባኝ። ሲተወው የሚሆነውንም አውቃለሁ፤ ያ ምሰሶ እዚያው ቆሟል፣ ሰንሰለቱም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በሐዘኔታ የተሰጣቸው ነገር እናትና ልጁን በቁማቸው ከሰው ቆጠራ አውጥቷቸዋል። ቅሬውን ላናግርላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። እትዬ ዘሃራ መልሱን ለልጃቸው ተዉለት። ከግቢው ስወጣ ሰይድ እያነከሰ ደርሶብኝ «ያናግሩልኝ» አለ።

ለዶክተር ሕይወት ስነግራት ለጥናቱ ትልቅ ነገር ነው ብላ ተደሰተች። አሁኑኑ ሄጄ ቅሬውን አናግራለሁ ስላት ግን ጥናቱ ሳያልቅ ተመራማሪ እጁን አያስገባም አለች። ተጣላን። የሌላውን እግሩንም ጣቶች እስኪያጣ ቁጭ ብዬ ልጽፍ ነው ወይ አልኳት። ልጅቷ፣ እንግዲያው ያን ቤት ከጥናቱ እናውጣው፣ እርስዎ የሰይድ ነርስ ሆነው ይሂዱ አለችኝ። እኔ የማላውቀው መንገድ ነበር። አቅፌያት ወጣሁ፣ በሩንም በቀስታ ዘጋሁት።

አያ አሕመድን ያገኘኋቸው ጁምዓ ከሰላት በኋላ ዋርካው ሥር ነው፣ ሽማግሌዎቹ በዙሪያቸው ተቀምጠው። ጉዳዬን ተናገርኩ። ሰውየው ተቀየሙ።

«ሲስተር፣ ለታመመ ማዘን ነው ጥፋታችን?» አሉ።

ከዚያ ያላወቅሁትን አወጡት። ሰይድ ሕመሙ በጠናበት ሰሞን የአያ አሕመድ ታናሽ ወንድም ሞቶ ነበር። መቃብሩ አፋፍ ላይ ሰይድ ጮኸ፣ ጀናዛው ላይም ድንጋይ ወረወረ። «አላህ ምስክሬ ነው፣ ቂም አልያዝኩበትም» አሉ። «ግን ዶማ ባለበት፣ ሬሳ ባለበት ቦታ ደግሞ ቢነሳበትስ?» ጥያቄያቸው የሚናቅ አልነበረም። አይነሳበትም ብዬ መማል አልችልም፣ አልማልኩምም። ሕመሙ ሲመለስ ቀድሞ የሚያሳየውን ነገርኳቸው። እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከሰው ዓይን ሲሸሽ፣ ብቻውን ሲያወራ ካያችሁት ያኔ ጥሩኝ፣ ያኔ ማሩት፤ ደኅና ሲሆን ግን ምሕረቱን አንሡለት አልኩ።

«እና ምን ይደረግለት ነው የምትይው?»

«ምንም አይደረግለት አያ። እንደማንም ይጠሩት፣ ከቀረ እንደማንም ይቅጡት።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። አንድ ሽማግሌ በሽተኛ የሚቀጣ ቅሬ ተብለን በአገሩ ልንዋረድ ነው ወይ አሉ። ሌላው መለሱላቸው። ነገሩ ተጓተተ። አበቃለት ብዬ ነጠላዬን መሰብሰብ ስጀምር አያ አሕመድ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። ዶማ ለጊዜው አይያዝ፣ ለቆፋሪዎቹ ውሃ ያመላልስ አሉ። «ከቀረ ግን ወላሂ አልምረውም» ብለው ዱዓ አደረጉ። ሁሉም አሚን አለ፣ እኔም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው ቀብር አልነበርኩም፣ እትዬ ዘሃራ ናቸው የነገሩኝ። ጠሪው ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ሰይድን በስሙ ሲጠራው ልጁ ከድንጋጤው ጫማውን አጥቶ ቤቱን አመሰው። ውሃውን በጀሪካን ተሸክሞ እያነከሰ ተመላለሰ። ሰዉ ጠጣ። ሌላ ቀብር መጣ፣ ሌላም መጣ፣ እና አንዱ ቆፋሪ ሲደክመው አካፋውን ለሰይድ አቀበለው። አያ አሕመድ እያዩ አልከለከሉትም። ክኒኑን አንድ ቀን አላጓደለም።

ጥናቴን ተከላክዬ አለፍኩ። ገምጋሚዎቹ ቅሬን በእንግሊዝኛ ምን ትይዋለሽ ብለው አፋጠውኝ ነበር፤ ቅሬ ነው የምለው ብዬ ድርቅ አልኩ። በጋዋኑ ሙቀት ተቃጥዬ ተመረቅኩ። ከዚያ እስከ ጡረታዬ ድረስ ሥራዬ ክኒን መስጠትና ሀብሩ ወረዳን እየዞሩ የቅሬ ዳኞችን ማነጋገር ሆነ። ለምን ሪፖርትሽ ውስጥ ስብሰባ በዛ የሚል አለቃም ገጥሞኛል። ሁሉም ቦታ ተሳክቶልኛል ብል ውሸት ነው። ውርጌሳ አካባቢ ያለ አንድ ቅሬ ሦስቴ ሄጄ ፊት ነሥቶኛል፤ የዚያን ቤት ልጅ ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል።

ልጨርስልሽ፣ አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ። ጡረታ ልወጣ ስል መርሳ ገበያ ውስጥ ሰይድና እትዬ ዘሃራን አገኘኋቸው። ሰይድ አዲስ መጥረቢያ ገዝቶ ይጣደፋል። ምን ሆናችሁ ብላቸው እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ቀጡት» አሉኝ። በዚያ ሳምንት መንደሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሞተው ሰይድ ከቀብሩ ቀርቶ ነበር። ቅሬው ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት አቁሞ፣ የት ነበርክ ብሎ እንደማንም ጎረምሳ ተቆጥቶት፣ ለለቅሶ ቤቱ ሸክም እንጨት ፈልጦ እንዲያደርስ ፈረደበት።

ደሜ ፈላ። ልጁ የዚያን ቀን ወልድያ፣ በቀጠሮው እኔ ጋ ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ ምን እንደበላ ሲነግረኝ ነበር። ይኼማ ግፍ ነው፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት እጽፍልሃለሁ፣ ወስደህ ለአያ አሕመድ ስጣቸው ብዬ ቦርሳዬን ከፍቼ እስክሪብቶ መፈለግ ጀመርኩ።

ሰይድ እጄን ያዘኝ።

«ይተዉት ሲስተር» አለኝ። «ወረቀት ከጻፉልኝ ይምሩኛል።»

እትዬ ዘሃራን አየኋቸው፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ይስቃሉ። እኔም ቦርሳዬን ዘጋሁ። ሰይድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካላደረስኩ ይደግሙብኛል ብሎ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ወደ ግራና መኪና ሄደ።